«ደመወዜን በምን ገንዘብ ነው የምቀበለው?» የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔና የሦስት መቶ ዓመት ሒሳብ

የዛሬው ሐተታችን ወደ ስኮትላንድ ይወስደናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ሴፕቴምበር 2014 ላይ ግላስጎው ከሚኖር አንድ ወዳጄ ጋር በስልክ እናወራለን። በስደት ገብቶ፣ የብሪታንያ ዜግነት አግኝቶ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። በዚያ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሚሰጠው በትውልድ ስኮትላንዳዊ የሆነ ብቻ አልነበረም። እዚያ የሚኖር የብሪታንያ ዜጋ ሁሉ መብቱ ነበረው። «ታዲያ ምን ልትመርጥ ነው?» አልኩት። ስለ ባንዲራ ወይም ስለ ንግሥቲቱ አንድ ነገር ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ኧረ ተወኝ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ደመወዜን በምን ገንዘብ ነው የምቀበለው? ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ የምልክላትስ በምን ገንዘብ ሊሆን ነው?» አለኝ።

እኔ ፖለቲካል ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሕዝቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ግማሽ ሰዓት ላወራው እችል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። የነፃነቱን ዘመቻ የሚመሩት አሌክስ ሳልመንድ የነበራቸው መልስ ደግሞ የሌላ አገር መንግሥት «እሺ» ካላለ የማይሠራ ነበር። በእኔ አመለካከት ሕዝበ ውሳኔው የተሸነፈው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄዋ ደግሞ አዲስ አይደለችም።

እንግሊዝና ስኮትላንድ ከ1603 ጀምሮ አንድ ንጉሥ ቢኖራቸውም ፓርላማቸውም ግምጃ ቤታቸውም ለየብቻ ነበር። በ1695 የስኮትላንድ ፓርላማ በባህር ማዶ የሚነግድ አንድ ኩባንያ በአዋጅ አቋቋመ። የሐሳቡ ዋና ባለቤት ዊሊያም ፓተርሰን ይባላል፤ ከአንድ ዓመት በፊት የእንግሊዝን ባንክ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ዛሬ ፓናማ በምንለው ቀጭን መሬት ላይ፣ ዳርየን በተባለ ቦታ፣ የስኮትላንድ ሰፈራ ይመሠረታል፤ በሁለቱ ውቅያኖሶች መካከል የሚያልፈው ንግድ ሁሉ በዚያ በር እንዲያልፍ ይደረጋል። መኳንንቱ፣ ነጋዴው፣ ከተሞቹ ሳይቀሩ አክሲዮን ለመግዛት ተሰለፉ። ለመክፈል የፈረሙት ገንዘብ 400,000 ፓውንድ ደረሰ፤ ለዚያች ድሃ አገር ይህ ጥሪቷን ሟጥጦ እንደማውጣት ነበር።

በጁላይ 1698 አምስት መርከቦች 1,200 ያህል ሰው ይዘው ተነሡ። የጠበቃቸው ወባ፣ ረሃብና ቦታው የእኔ ነው የምትለው እስፓኝ ናት። በአካባቢው ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እንኳ እህል እንዳይሸጡላቸው ከንጉሡ መንግሥት ትእዛዝ ወጣ። ልብ በሉ፣ ንጉሡ የእነሱም ንጉሥ ነው! ሁለተኛው ጉዞ የደረሰው የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ቦታውን ጥለው ከሄዱ በኋላ ነው፤ እሱም በ1700 ለእስፓኝ ጦር እጁን ሰጠ። በሁለቱ ጉዞዎች ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ገንዘቡም አብሮ ቀረ።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ክንድ መጠምዘዝ ጀመረች። በ1705 ያወጣችው ሕግ፣ ስኮትላንዶች ለድርድር ካልተቀመጡ በእንግሊዝ እንደ ባዕድ እንደሚቆጠሩና ከብታቸው፣ የተልባ እግር ጨርቃቸውና የድንጋይ ከሰላቸው እንግሊዝ እንዳይገባ እንደሚታገድ የሚያስፈራራ ነበር። ተቀመጡ። የውሉ 25 አንቀጾች ሲነበቡ ስለ ንጉሥና ስለ ፓርላማ ከሚያወሩት ይልቅ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ብቅል፣ ስለ ሳንቲም የሚያወሩት ይበዛሉ። አንቀጽ 15 ላይ አንድ ቁጥር አለ፦ 398,085 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ። ስኮትላንዶች ከአሁን በኋላ በሚከፍሉት ግብር ሳይበደሩ የእንግሊዝን ዕዳ ስለሚሸከሙ፣ ለዚያ ማካካሻ የሚሰጣቸው ገንዘብ ነው። ከእሱም ላይ የዳርየን ባለአክሲዮኖች የከሰሩት ከነወለዱ ይመለስላቸዋል። ውሉን ካጸደቁት የፓርላማ አባላት መካከል የዚያ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች እንደነበሩበት ስነግራችሁ አትደነቁም።

ሜይ 1 ቀን 1707 ኅብረቱ ሥራ ላይ ዋለ። ኤዲንብራና ግላስጎው ላይ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። ፓርላማችን ተሸጠ የሚሉ ስኮትላንዳውያን ዛሬም አሉ። እኔ «ተሸጠ» ለማለት አልደፍርም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ያደረገው ድርድር ነበር ብል ግን ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም።

የዚያ ካሳ ታሪክ እዚያ አላበቃም። ከፊሉ የተከፈለው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዕዳ ሰነድ ነበር። ሰነዱን የያዙት ሰዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ በ1727 ወደ ባንክ ተለወጠ። ባንኩ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ነው። በ2008 ዓለምን ባናወጠው የባንክ ቀውስ ሊወድቅ ሲል የብሪታንያ መንግሥት ከ45 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ አፍስሶ ያዳነው ይኸው ባንክ ነው። ከኅብረቱ ካሳ ተወለደ፣ በኅብረቱ ግምጃ ቤት ዳነ። ስሙን አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ነዳጁ ላሻግራችሁ። በ1970 ፎርቲስ የተባለው ትልቅ የነዳጅ ማውጫ በሰሜን ባህር ተገኘ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ነዳጁ የስኮትላንድ ነው ብሎ ዘመተ፤ በኦክቶበር 1974 ምርጫ 11 የፓርላማ ወንበር አገኘ። በዚያው ዓመት ጋቪን ማክሮን የተባሉ የመንግሥት የኢኮኖሚ ባለሙያ አንድ ሰነድ አዘጋጁ። ነፃ የሆነች ስኮትላንድ የምታገኘው ትርፍ የሚያሳፍር ያህል ብዙ ይሆናል፣ ገንዘቧም ከአውሮፓ ጠንካራ ገንዘቦች አንዱ ይሆናል የሚል ነበር። ሰነዱ ምስጢር ተብሎ ተቆለፈበትና ሕዝብ ያየው በ2005 ነው። ነዳጁ አብዛኛውን ከሰጠ በኋላ ማለት ነው። ስኮትላንዳውያን በለንደን ላይ ያላቸው ቅሬታ ከየት እንደሚመጣ ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ይህን ወረቀት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የበጀቱ ጉዳይ አለ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስኮትላንድ ድርሻ የሚሰላው በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስቴር ሹም በነበሩት በጆኤል ባርኔት ስም በሚጠራ ቀመር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የስኮትላንድ ሕዝብ የእንግሊዝን ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህላል እንበል፤ ለንደን ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች 100 ፓውንድ ስትጨምር ለስኮትላንድ 10 ፓውንድ ይጨመርላታል። ቀመሩ የሚያካፍለው ጭማሪውን ብቻ ነው፤ ከድሮ የመጣውን ከፍ ያለ መነሻ አይነካውም። ስለዚህ በሕዝበ ውሳኔው ዘመን በስኮትላንድ ለአንድ ሰው የሚወጣው የመንግሥት ወጪ ከብሪታንያ አማካይ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይበልጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለስኮትላንዳውያን ተማሪዎች በነፃ፣ የሐኪም ማዘዣ መድኃኒት በነፃ፣ ወዳጄ የሚሠራበት የአረጋውያን እንክብካቤም እንደዚሁ። ባርኔት ራሳቸው በስተርጅና ቀመሩ ፍትሐዊ አይደለም፣ ይሰረዝ ሲሉ ነበር።

የነፃነት ደጋፊዎችም መልስ ነበራቸው። የነዳጁ ድርሻችን ሲቆጠር በነፍስ ወከፍ የምናስገባውም ግብር ከአማካዩ ይበልጣል ይሉ ነበር፤ በወቅቱ እውነታቸውን ነው። የሁለቱም ወገን ቁጥር የሚቀዳው ከአንድ መዝገብ ነበር፤ የስኮትላንድ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የገቢና የወጪ ሒሳብ። ይህ መዝገብ በ1992 የተጀመረው በለንደን ወግ አጥባቂዎች ነው፤ የራስ ፓርላማ የሚጠይቁትን አፍ ለማዘጋት። በኋላ ራሳቸው ብሔርተኞቹ ሥልጣን ሲይዙ ማሳተሙን አላቆሙም። ባላንጣህ የጀመረውን፣ አንተን ሊጎዳህ የሚችል መዝገብ በራስህ ማኅተም በየዓመቱ ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ሕዝበ ውሳኔው እንዲካሄድ ካሜሩንና ሳልመንድ የተፈራረሙት በኦክቶበር 2012 ነው። የሳልመንድ ዕቅድ ነፃ የወጣችው ስኮትላንድ ፓውንድን ከቀሪዋ ብሪታንያ ጋር በጋራ ትጠቀማለች የሚል ነበር። በጃንዋሪ 2014 የእንግሊዝ ባንክ ገዥ ማርክ ካርኒ ኤዲንብራ ድረስ ሄደው፣ የጋራ ገንዘብ የሚፈልግ አገር ከሉዓላዊነቱ ከፊሉን አሳልፎ መስጠት ግድ ይለዋል አሉ። በፌብሩዋሪ 13 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን እዚያው ኤዲንብራ ላይ በሩን ዘጉት፤ ከኅብረቱ የሚወጣ ከፓውንዱም ይወጣል አሉ። ሌበርና ሊበራል ዴሞክራቶችም ደገፏቸው። ሳልመንድ ማስፈራሪያ ነው፣ ከምርጫው በኋላ ይለወጣል ብለው መለሱ፤ ፓውንዱን ከከለከላችሁን ደግሞ ከዕዳችሁ ድርሻ አንወስድም አሉ። ዕዳው ከአንድ ትሪሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። እነሆ አንቀጽ 15 ከ307 ዓመት በኋላ ተገልብጦ መጣ!

ኦገስት 5 ቀን በቴሌቪዥን ክርክር ላይ የኅብረቱ ወገን መሪ አሊስቴር ዳርሊንግ ደጋግመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ፓውንዱ ቢከለከል ሁለተኛው ዕቅድዎ ምንድን ነው? ሳልመንድ በንግግር የሚረቱ ሰው አልነበሩም፤ ከሃያ ቀን በኋላ በተደረገው ሁለተኛ ክርክር ዳርሊንግን ረትተዋል። የዚያን ቀን ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም።

የንግዱ ዓለም የያዘው ጥግም ይኸው ነበር። ከ1825 ጀምሮ ኤዲንብራ የኖረው ስታንዳርድ ላይፍ የተባለው የጡረታና የኢንሹራንስ ድርጅት በፌብሩዋሪ አስፈላጊ ከሆነ ሥራውን ወደ እንግሊዝ ለማዛወር መዘጋጀቱን አስታወቀ። በኦገስት መጨረሻ 130 ያህል የንግድ ሰዎች ኅብረቱን ደግፈው ደብዳቤ ሲጽፉ፣ በማግስቱ 200 የሚሆኑ ሌሎች ነፃነትን ደግፈው ጻፉ። ስለዚህ «ነጋዴው ሁሉ ተቃወመ» የሚባለው ትክክል አይደለም። የፈሩት በተለይ ባንኮቹ ናቸው፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት ነበረው። ባንክ ሲወድቅ የሚያነሣው ማዕከላዊ ባንክ ነው፤ የራሷ ገንዘብ የሌላት አገር ደግሞ ማዕከላዊ ባንኳ በችግር ቀን የሚያበድረውን ከየት ያመጣል? ድምፅ ሊሰጥ ሳምንት ሲቀር፣ አንድ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነፃነት ፈላጊዎችን በ51 በመቶ ካስቀደመ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሎይድስ እና ያ ከ1707 ካሳ የተወለደው ሮያል ባንክ፣ ነፃነት ካሸነፈ ሕጋዊ መቀመጫችንን ወደ እንግሊዝ እናዛውራለን አሉ።

እዚህ ላይ ተመልካቾቼ ስለ ራሳችን ሳታስቡ አልቀራችሁም። ኤርትራ በ1993 ስትለይ የገንዘቡ ነገር በቅጡ ሳይቋጭ አራት ዓመት በብር ቀጠለች። በኖቬምበር 1997 ናቅፋ ወጣ፤ ኢትዮጵያ የብር ኖቶቿን ለወጠች፤ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪ ይሁን ተባለ። በሜይ 1998 ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱን ያመጣው ናቅፋ ብቻ ነው አልልም፤ ባድመም አለ፣ የሁለቱ መሪዎች ጠባይም አለ። ዳሩ ግን በ1993 ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት «በምን ገንዘብ?» ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ስንት ሰው ነበር?

ሴፕቴምበር 18 ቀን ከመራጩ 84.6 በመቶው ወጣ። 55.3 በመቶው ኅብረቱ ይቆይ፣ 44.7 በመቶው ነፃነት አለ። የነዳጅ ከተማዋ አበርዲን ኅብረቱን ስትመርጥ፣ ድሆች የሚበዙባቸው ግላስጎውና ዳንዲ ነፃነትን መረጡ። ወዳጄ የመረጠውን እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ነፃነት ቢያሸንፍ ኖሮ የታቀደው ቀን ማርች 24 ቀን 2016 ነበር። ዕቅዱ የተሠራው ነዳጅ በበርሜል 110 ዶላር ገደማ ይሸጣል ተብሎ ነው። በጃንዋሪ 2016 ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ወረደ። በ2015–16 በጀት ዓመት ስኮትላንድ ከሰሜን ባህር ነዳጅ ያገኘችው የግብር ድርሻ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ ካለፈው ዓመት 1.8 ቢሊዮን የወረደ ነው። ጉድለቷም ወደ 15 ቢሊዮን ተጠጋ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከዚያው መዝገብ ነው።

የኅብረቱ ወገን ግን በዚህ ሊኩራራ አይችልም። ለስኮትላንዳውያን በአውሮፓ ኅብረት ለመቆየት ዋስትናው ብሪታንያ ናት ሲል ነበር፤ በ2016 ስኮትላንድ 62 በመቶ እንቆይ ብላ መርጣ ሳለ ከነቀሪዋ ብሪታንያ ወጣች። የነፃነት ጥያቄው እንደገና ነፍስ ዘራ። በኖቬምበር 2022 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤዲንብራ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አትችልም ብሎ ወሰነ። ከዚያ ፍርድ አንድ ወር ቀደም ብሎ የስኮትላንድ መንግሥት አዲስ የኢኮኖሚ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። መጀመሪያ ያለ ውል በፓውንድ እንጠቀማለን፣ ሁኔታው ሲመቻች ወደ ስኮትላንድ ፓውንድ እንሻገራለን ይላል። መቼ የሚለው ቀን አልተጻፈበትም።

ወረቀቱን ለወዳጄ ላክሁለት። በማግስቱ ደወለልኝ፤ ቤት ገዝቷል ለካ፣ የሃያ አምስት ዓመት የባንክ ዕዳ አለበት። «ዕዳው በየትኛው ፓውንድ ነው የሚቆጠረው?» አለኝ።