ጥርሱ ሄዶ አጥንቱ ሲከተል

ጎጃም ደምበጫ ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሐኪም አይደለም። አገሩ የአረቄ አገር ነውና አንድ መለኪያ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ይቆያል። አልተወው ካለ የእንቧይ ፍሬ ፍም ላይ አድርጎ ጢሱን በአፉ ይቀበላል፤ የጥርሱ ትል ይረግፋል ይባላልና። ያም ካልበጀ ወጌሻ አለ። ወለምታ የሚያሸው፣ ስብራት በቀርከሃ የሚጠግነው እጅ ጉጠት ይዞ ጥርስም ይነቅላል። በጎጃምና በጎንደር አገር ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ድዱን ፈልፍሎ የወተት ጥርስ ማውጣትም የቆየ ልማድ ነው፤ ከሥሩ ያለውን የቋሚውን ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል።

ጥርሱ ከወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ያኔ ግን የአጥንቱ ጣጣ ይጀምራል። ጥርስና ከንፈር ሲደጋገፍ ያምር እንላለን፤ ጥርስና መንጋጭላ ግን ከዚያ የጠበቀ መደጋገፍ አላቸው። አጥንቱ ራሱን የሚያድሰው ስናኝክ በጥርሱ በኩል በሚደርሰው ጫና ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሥራ ፈትቶ ይመነምናል፤ በ12 ወር ውስጥ የስፋቱን ግማሽ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ አብዛኛው የሚሄደውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። የጥርስ አልባ ሽማግሌ ጉንጭ መጎድጎዱ፣ አገጩም ወደ አፍንጫው መቅረቡ ከዚህ የመጣ ነው።

የጎደለ አጥንትን በሌላ አጥንት የመሙላት ሐሳብ ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1668 የታተመ የአንድ ሆላንዳዊ ቀዶ ሐኪም የዮብ ፋን ሜክረን መጽሐፍ፣ የተሰበረ የራስ ቅሉ በውሻ አጥንት ስለተደፈነለት ሩሲያዊ ወታደር ይተርካል። ቤተ ክርስቲያን አወገዘችው፤ አጥንቱ ይውጣልኝ ቢል ግን ከራሱ አጥንት ጋር ተዋህዶ ተገኘ። በ1880 ገደማ ግላስጎ ውስጥ ዊልያም ማክዊን ከሌሎች ሕመምተኞች እግር በወሰደው አጥንት የአንድ ሕፃን ክንድ መለሰ።

ጥርስ ላይ ለመድረስ ሌላ ግኝት አስፈለገ። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1952 ጥንቸል አጥንት ውስጥ የቀበረው ቲታንየም አልነቀል አለው። በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከመ፤ ኢምፕላንት የምንለው የጥርስ ብሎን እንዲህ ተወለደ። ብሎን ግን በሳሳ እንጨት ላይ አይጸናም። ስለዚህ ሐኪሞች ከአገጭ፣ ከመንጋጋ ጥርስ ጀርባ ወይም ከዳሌ አጥንት ቆርጠው የሳሳውን ቦታ መሙላት ያዙ። ቦይንና ጄምስ የተባሉ ሐኪሞች በ1980 የላይኛውን መንጋጋ ከጉንጭ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ በታች በአጥንት የማወፈርን ዘዴ አሳተሙ።

የተተከለው አጥንት ሥራው የጭቃ ቤት ማገርን ይመስላል። ምርጊቱን የሚያመጣው የሕመምተኛው የራሱ ሰውነት ነው፤ ሕዋሳቱ ገብተው አሮጌውን እየበሉ አዲስ ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ስኳር ያበላሹታል። ዛሬ ከሰውም፣ ከከብትም፣ ከፋብሪካም የሚመጣ መሙያ አለ። ከላይ የሚለብሰው ስስ ሽፋን ደግሞ ከአሳማ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የእኛ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «ከምን የመጣ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ የሩሲያዊው ወታደር ጭንቀት ይኸው ነበር።

ኢምፕላንት የሚተክሉ የግል ክሊኒኮች አዲስ አበባ አሉ፤ ከደምበጫ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዋጋውም ለገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን እያሠለጠነ መሆኑ መንገዱን ቀስ በቀስ ያሳጥረዋል። እስከዚያው ድረስ ርካሹ አጥንት ያልተነቀለው ጥርስ ሥር ያለው ነው። የወይራ መፋቂያችሁን አትጣሉ፤ ሊሞላ የሚችል ጥርስ አታስነቅሉ፤ መነቀሉ የማይቀር ከሆነም ሐኪሙን «አጥንቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ።