ሱርትሴይ፦ ወፎች ያለመለሟት ደሴት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1963 ማለዳ፣ ከአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍ ወዲያ ዓሣ ሲያጠምዱ የነበሩ የኢስሌይፉር 2ኛ ጀልባ ሰዎች ከባሕሩ ላይ ጥቁር ጭስ ሲትጎለጎል አዩ። ሌላ ጀልባ በእሳት የተያያዘ መስሏቸው ሊረዱ ተጠጉ። ሲደርሱ ግን 130 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል የፈነዳ እሳተ ገሞራ ሆኖ አገኙት። ብዙም ሳይቆይ ከማዕበሉ በላይ አዲስ ምድር ብቅ አለ። አይስላንዳውያንም በጥንቱ አፈ ታሪካቸው በሚታወቀው የእሳት ግዙፍ፣ በሱርትር፣ ስም ሱርትሴይ አሏት።

እሳቱ የበረደው በ1967 ነው። በአጠገቧ ብቅ ብለው የነበሩ ሌሎች ትንንሽ ደሴቶች አመድና ጠጠር ብቻ ስለነበሩ ባሕሩ ጠርጎ ወሰዳቸው። ሱርትሴይ የተረፈችው የቀለጠ ዐለት በአመዷ ላይ ፈስሶ እንደ ክዳን ስለደረቀላት ነው።

ሕይወት ጨርሶ ወደሌለበት ደሴት ዘርና እንስሳ እንዴት ይደርሳል? ጥያቄው የቆየ ነው። ቻርልስ ዳርዊን 87 ዓይነት ዘሮችን በጨው ውኃ ነክሮ፣ 64ቱ ከ28 ቀን በኋላም እንደሚበቅሉ አረጋግጦ ነበር። ቤት ውስጥ የተሞከረው ነገር በገሃዱ ዓለም ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ ሊታይ የሚችልበት ዕድል ግን እንዲህ እምብዛም አይገኝም። አይስላንዳውያን ይህን ወዲያው ተረድተው በ1965 ደሴቲቱን ከለሏት፤ ከተመራማሪዎች በቀር ማንም እንዳይረግጣት ተከለከለ። በአንድ ወቅት ከቅልጥ ዐለቱ መካከል የበቀለ እንግዳ ተክል ተገኝቶ ሲመረመር ቲማቲም ሆነ፤ ደሴቲቱን የጎበኘ ሰው እዚያው ተጸዳድቶ፣ በልቶት የነበረው ዘር በቅሎ ነበር። ተመራማሪዎቹ ነቅለው አስወገዱት። ይህ ጥብቅነት ተገቢ ነበር፤ የሰው እጅ አንድ ጊዜ ከገባ የመጣው ሁሉ በራሱ መጣ ብሎ መናገር አይቻልምና።

የመጀመሪያዋ አበባማ ተክል በ1965 በባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ላይ ታየች፤ ዘሯን ያመጣው ውኃ ነበር። ብዙም ሳትቆይ አመድ ቀበራት። ተከትለዋት ከመጡት መካከል ሆንኬንያ የተባለችው የዳርቻ ተክል ግን ጸናች፤ ሥሯን በአሸዋው ውስጥ ዘርግታ ደረቁን ምድር ያዘችው። ስኬት የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የእንቁላል ከረጢትም ዘር ተለጥፎበት ዳርቻው ላይ ተተፍቶ ተገኝቷል። ዝንቦች በነፋስ መጡ። በፍልሰት ላይ ሳሉ ያረፉ ትንንሽ ወፎች ተይዘው ሲመረመሩም በጨጓራቸው ውስጥ ዘር ተገኝቷል።

ያም ሆኖ ለረጅም ዓመታት ደሴቲቱ ራቁቷን ነበረች ማለት ይቻላል። ዘር ይደርሳል፤ አፈሩ ግን አያበላውም። የእሳተ ገሞራ አመድ ናይትሮጅን የለውምና የበቀለው ሁሉ ከስቶ ይቀር ነበር።

ለውጡ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ጋል የተባሉት የባሕር ወፎች በደቡባዊው ጫፍ በብዛት መፈልፈል ጀመሩ። ከባሕር ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ ጫጩቶቻቸውን ይቀልባሉ፤ ኩሳቸውን እዚያው ይጥላሉ። ዘርም በሆዳቸውና በላባቸው ያመጣሉ። ጎጆዎቻቸው ባሉበት አካባቢ ጥቁሩ ዐለት ጥቅጥቅ ባለ ሣር ተሸፈነ፤ ከዚያ ራቅ ሲባል ግን ምድሩ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ድንበሩ በዓይን ይለያል። በሱርትሴይ ከተመዘገቡት ዕፅዋት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛ እጅ የሚጠጉት በወፍ የመጡ ናቸው ተብሎ ይገመታል። በመጀመሪያው ዐሥርት መጨረሻ 10 የነበሩት የዕፅዋት ዝርያዎች በ2004 ወደ 60 ደርሰዋል።

ሣሩ ሌሎችን ጠራ። የምድር ትል ተገኘ፤ በ1998 የመጀመሪያው ቁጥቋጦ፣ አንድ የአኻያ ዝርያ፣ በቀለ፤ ቀጥሎም ፓፊን የተባሉት ወፎች ጎጇቸውን ለመሥራት መጡ። ዩኔስኮ በ2008 ደሴቲቱን በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

ባሕሩ ግን ሥራውን አላቆመም። ሱርትሴይ በ1967 ከነበራት ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥታለች፤ የሚሸረሸረው በቅድሚያ ዳርቻው ነው። ተመራማሪዎች የሚጠብቁት እንደ ጎረቤቶቿ አሮጌ ደሴቶች እንድትሆን ነው፦ ጠንካራ የዐለት እምብርት፣ በላዩ ወፎች የሚያዳብሩት ወፍራም ሣር፣ የዝርያውም ቁጥር አሁን ካለው ያነሰ። በአሸዋው ላይ ቀድመው የሰፈሩት የዳርቻ ተክሎች ያኔ የሚበቅሉበት ዳርቻ ይጠባቸዋል።