ጥይቷ ብትስት ኖሮስ?

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ድሉ ወደ አፄ ዮሐንስ አዘንብሎ ነበር። አንዲት ጥይት አገኘቻቸውና ጦሩ ተበተነ። ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ፤ በዚያው ክረምት ጣሊያን አስመራ ገባ።

ብትስታቸውስ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ድባቅ የመቱት ራስ አሉላ ወደ ሰሜን ይመለሱ ነበር፤ አስመራም እንዲህ በዋዛ ባልተያዘች። አንቀጽ 17 ባይጻፍ ዓድዋስ ይኖር ነበር ወይ?

እስቲ ቆም እንበል። ምኒልክ ከጣሊያን ጋር መወዳጀት የጀመሩት ዮሐንስ በሕይወት ሳሉ ነው። የከብት እልቂቱም ከመተማ በፊት ሰሜኑ ውስጥ ገብቷል። ንጉሡ ቢተርፉ እንኳ ያን ሁሉ ጦር በሬው ያለቀበት ገበሬ በምን ይቀልበዋል? «ቢሆን ኖሮ» ስንል ንጉሡን ብቻ ሳይሆን በሬውንም እንቁጠር።