በቅሎህን የት አሰርክ?

አሜሪካ የሚማር የወዳጄ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ ምሬቱን ነገረኝ። «ጋሼ፣ የመኪና ማቆሚያ ብር ከፍዬ፣ ቦታ ስፈልግ ክፍል አረፈድኩ!» ዩኒቨርሲቲው ደግሞ «በፓርኪንጉ ረክተሃል ወይ?» የሚል መጠይቅ ልኮለታል። መቼም ሳቄን አልደበቅሁትም። ሳቁ ሲያልፍ ግን የቆየ ነገር ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ አጅባር በገበያ ቀን በቅሎ እጠብቅ ነበር። የሰውየውን ማዕረግ የምናውቀው በቅሎው ከታሰረችበት ነው፤ ለትልቅ ሰው በቅሎ ጥላው፣ ለሌላው ፀሐዩ። በቤተ መንግሥትም ማን ከነበቅሎው እንደሚዘልቅ፣ ማን ከበር ወርዶ በእግሩ እንደሚገባ ሥርዓት ነበረው።

ቤተ መንግሥቱን «ግቢ» እንለው ነበር። ዛሬ ተማሪው ዩኒቨርሲቲውን «ግቢ» ይለዋል። ስድስት ኪሎ ላይማ ሁለቱ አንድ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አድጎ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲመረቅ፣ ንጉሡ የሰጡት የገዛ ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ነው።

የበር ሥርዓት ግን ከባለቤቱ ጋር አይለወጥም። እኔም ባስተማርኩበት ግቢ ቀምሼዋለሁ። ዘበኛው ለአሮጌዋ ቮልስዋገኔ በሩን ይከፍታል፤ ተማሪው ተሰልፎ ይፈተሻል። አንድ ቀን በሰኔ ዝናብ በእግሩ የሚሮጥ ተማሪ አልፌ ገባሁ። ልጁ ርሶ ክፍል ሲደርስ «ለምን አረፈድክ?» ብዬ ተቆጣሁት። ዝም አለ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

የእኛ አገር መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ ያስተምራል። የሚመጣለት ተማሪ በአብዛኛው ሻንጣውን ከአውቶቡስ ጣሪያ የሚያወርድ ነው። እሱን ስለ ፓርኪንግ መጠየቅ ቀልድ ይሆናል። የእሱ መጠይቅ ሌላ ነው፦ አውቶቡሱ የት ጥሎህ ሄደ? ከበሩ እስከ ክፍልህ ስንት ደቂቃ ሄድክ? ዝናብ ሲይዝህ የት ተጠለልክ?

ግቢው ስሙን የወሰደበትን አምባም እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ግድም የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱ ሲሠራ ከወታደሩ ጋር ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። መድፉ ዛሬም አምባው ላይ ነው።

ንጉሡ ድንጋይ አነሡ። እኔ አንዲት የመኪና በር መክፈት ከበደኝ።