ቀንዱ የማይረግፍ አጋዘን፦ የጨርጨር ደጋ መንጋና መጠለያው

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ፣ ቁልቢንና ሂርናን አልፎ አሰበ ተፈሪ የደረሰ ተጓዥ ከአንድ የዱር እንስሳት ዓለም ወደ ሌላው ተሻግሯል። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ዙሪያ ያለው የግራር ቆላ የአምበራይሌና የእንሹ አገር ነው። ላይኛው የጨርጨር ደጋ፣ ጥድና ዝግባ ገና የተረፈበት፣ የደጋ አጋዘን መኖሪያ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የታተመውም እሱ ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር።

ስያሜው አሳስቶናል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታደነውን እንስሳ «አጋዘን» ብለን ስለምንተረጉመው፣ ስለ እሱ የተጻፈው የአያያዝ ምክርም ለእኛው የሚሠራ ይመስለናል። የዚያ እንስሳ ቀንድ በየዓመቱ ረግፎ እንደገና ይበቅላል። ስለዚህ ባለርስቱ መኖ ቢዘራለት ውጤቱን በሚቀጥለው ዓመት ቀንድ ላይ ሊያይ ይችላል። የእኛው ግን የድኩላ ዘመድ ነው፤ ቀንዱ አይረግፍም፣ ያለውም ወንዱ ብቻ ነው። ጠምዛዛው ቀንድ ረጅም ሆኖ የሚታየው ወንዱ ለዓመታት ሳይገደል ሲቆይ ነው። የመንጋው ጥራት እንግዲህ በዋናነት የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ያለ ዕድሜው የተገደለን ወንድ ምንም ዓይነት መኖ አይተካውም።

ሌላው ልዩነት መሬቱ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የግል የአደን ርስት የለንም። ያለን በዱር እንስሳት አዋጅ ማዕቀፍ የሚተዳደሩ፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ናቸው። አዳኝ ድርጅቱ ውል ይዞ ይገባል፤ ከብቱን የሚያሰማራውና ማገዶ የሚለቅመው ግን የአካባቢው ገበሬ ነው። የመጠለያው ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚህ ገበሬ እጅ ነው።

ኩኒ ሙክታር ትምህርቱን በግልጽ ያሳያል። ከአሰበ ተፈሪ ብዙም ሳይርቅ ለደጋ አጋዘን የተከለለው ይህ መጠለያ ትንሽ ነው፤ እርሻ ዙሪያውን ከቦታል፣ ምንጣሮም ጎድቶታል። እንስሳው ቀን ቀን የሚሸሸግበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ፣ ጠዋትና ማታ የሚወጣበት ሣራማ ገላጣ ያስፈልገዋል። ሁለቱ ተጠግተው ካልተገኙ ወደ ማሳ ይወርዳል፤ ያኔ የሚጠብቀው ውሻና ገበሬ ነው። በእኔ እምነት ዋጋ ያለው ሥራ መኖ መዝራት አይደለም፤ ከደኑ ጠርዝ ያለው ቁጥቋጦ ለማገዶ እንዳይመነጠር መጠበቅ፣ ከብት በየወቅቱ ተራ በተራ ከገላጣው እንዲወጣ ከገበሬው ጋር መስማማት ነው።

ትንሽ መንጋ ስሌቱን ያከብደዋል። በሰፊ ደን አንድ ሽማግሌ ወንድ መውሰድ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ጥቂት ወንዶች ብቻ ባሉበት ግን ያው አንድ ጥይት የማን ግልገል እንደሚወለድ ይቀይራል፤ ከሌላ ደን የሚያገናኝ መተላለፊያ ከሌለም የቅርብ ዘመዳሞች መዳቀል ይከተላል። እንደ ኩኒ ሙክታር ባለ መጠለያ አደን ሊታሰብ አይገባም። በአደን ቀበሌዎቹም ቢሆን ኮታ ከመሰጠቱ በፊት በንጋትና በምሽት በገላጣው ዳር ተቀምጦ ወንዶቹን በዕድሜ ለይቶ መቁጠር ይቀድማል። ወንዱ እያረጀ ሲሄድ ፀጉሩ ይጠቁራል፣ አንገቱ ይደነድናል፤ በአካባቢው ያደገ እረኛ ይህንን ከሩቅ ይለያል። ቆጠራው ሲደረግ ያ እረኛ በክፍያ ሊቀጠር፣ መዝገቡም ከቀበሌው ገበሬዎች ዘንድ ሊቀመጥ ይገባል። ባልተቆጠረበት ዓመት የሚሰጠው ኮታ ዜሮ መሆን አለበት።