የአካባቢ ተጽዕኖ ቁጥጥር (ሥነ ልቦና)

የአካባቢ ተጽዕኖ ቁጥጥር በሥነ ልቦና ሙከራ ወቅት ብርሃን፣ ድምፅ፣ ሙቀትና የሌሎች ሰዎች መኖር ውጤቱን እንዳያዛቡ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ቁጥጥር ከሌለ የታየው ልዩነት ከተሳታፊው ይሁን ከአካባቢው የመጣ መለየት አይቻልም።

ዘዴዎች

ዋና ዋናዎቹ ዘዴዎች ሁኔታውን ለሁሉም ተሳታፊ እኩል ማድረግ፣ ተሳታፊዎችን በዕጣ መደልደልና የጥያቄዎችን ቅደም ተከተል ማፈራረቅ ናቸው። በቤተ ሙከራ የተዘጋ ክፍል የመጀመሪያውን ያቀላል፤ ከቤተ ሙከራ ውጭ ግን ሥራው ይከብዳል።

ለምሳሌ በደቡብ ኦሞ የቀለም ስሞችን ለማጥናት ካርድ የሚያሳይ ተመራማሪ አንዱን ሰው በማለዳ፣ ሌላውን በቀትር ፀሐይ ቢጠይቅ ያው ካርድ የተለያየ ቀለም ያለው ሊመስል ይችላል። ከከበቡት ተመልካቾች አንዱ መልሱን ጮክ ብሎ ቢናገር ደግሞ ተጠያቂው ያንኑ ሊደግም ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ጥላ ሥር፣ ለየብቻ መጠየቅ ይመረጣል።

የቁጥጥር ወሰን

ከጂንካ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ሙርሲዎች ቀለምን የሚጠሩት በከብት መልክ ስሞች ነው፤ በአማርኛ ለከብት «ዳማ» ወይም «ቡሬ» እንደሚባለው ማለት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን ይህን የተመለከተ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ ነበር። ባዶ ካርድ ብርሃኑ እኩል ቢሆንም ስሙ የበቀለበትን ከብት ከፊት ያርቃል። በመሆኑም ከአካባቢው የትኛው መወገድ ያለበት እንቅፋት፣ የትኛውስ የሚጠናው ነገር አካል እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።