ጨርቅን ያጸናው አየር

ልብስ ሲሰፋ የተመለከተ ሰው ሁሉ ዐይኑ የሚያርፈው በስፌት መኪናው ላይ ነው። በፋብሪካ ግን የልብሱ ዕድል የሚወሰነው ከዚያ አስቀድሞ፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፤ ተሳስቶ የተቈረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። መቶ ንጣፍ ተደራርቦ በአንድ ጊዜ በሚቈረጥበት ስፍራ የቅጽበት ስሕተት መቶ ልብስ ታበላሻለች።

እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ፣ በባፋሎ ከተማ የተመሠረተው የኢስትማን ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጨርቅ መቁረጫ ቢላዋ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለሰማንያ ዓመት ያህል የቈራጩ ሥራ በመሠረቱ አልተለወጠም። ከወፍራም ወረቀት የሚሠራው ፓተርን ለእያንዳንዱ የልብስ ቁጥር በእጅ ይነደፋል፤ ክፍሎቹም ትርፍራፊ እንዳይበዛ፣ ኪሱ በእጅጌው ጥግ እየተሸጐጠ፣ በጨርቁ ስፋት ልክ ይደረደራሉ። ቈራጩም ቢላዋውን በመስመሩ ላይ ይነዳል። ቢላዋው ጥቂት ካጋደለ የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ እኩል አይሆኑም። በኒውዮርክ ቈራጮች በሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ሎካል 10 የተባለ የራሳቸው ቅርንጫፍ ነበራቸው፤ ይህም ሙያቸው ምን ያህል ከሌላው ተለይቶ ይታይ እንደ ነበር ያመለክታል።

ሥራውን የለወጠው ሰው ግን ልብስ ሰፊ አልነበረም። ጆሴፍ ገርበር በ1924 በቪየና ተወልዶ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ በ1940 ከእናቱ ጋር አሜሪካ ገባ። በሬንሰለር ፖሊቴክኒክ ተማሪ ሳለ የፒጃማውን ላስቲክ አውጥቶ፣ ጭረቶች አስምሮበት፣ ግራፍ ለማንበብ የሚያገለግል ተለጣጭ ማስመሪያ ሠራ። (የመጀመሪያው ፈጠራው ከልብስ መወለዱ ያስገርማል።) በ1948 በሃርትፎርድ ያቋቋመው ኩባንያ በኋላ በቁጥር ትእዛዝ ብዕር እያንቀሳቀሰ ንድፍ የሚስል መሣሪያ ለማምረት በቃ። ታዲያ በብዕሩ ፈንታ ቢላዋ ቢተከልስ?

ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። ብረት ባኖሩት ቦታ ይቈያል፤ ጨርቅ ግን ይተጣጠፋል፣ ይሳባል፣ ቢላዋውን ተከትሎ ይሄዳል። ኮምፒዩተሩ ቢላዋውን በትክክል ቢመራውም ጨርቁ ራሱ ከቦታው ከሸሸ ትክክለኛነቱ ዋጋ የለውም። የተገኘው መፍትሔ ይህ ነው፦ የጨርቁ ክምር በስስ ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ከሥር አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። የውጭው አየር ፕላስቲኩን ሲጫነው ለስላሳው ክምር ተጨምቆ እንደ ጠንካራ ሰሌዳ ይሆናል። ጠረጴዛውም እንደ ብሩሽ ቀጥ ብለው በቆሙ ፀጉሮች የተሞላ ስለ ሆነ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ቢላዋ የመጨረሻውን ንጣፍ አልፎ ቢወርድም ከምንም ጋር አይጋጭም። በ1969 ገደማ የወጣው መቁረጫ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ነበር። ስለ ለውጡ ሲነገር ምስጋናው ሁሉ ለኮምፒዩተሩ ይሰጣል፤ ግማሹ እንኳ ለአየሩ ይገባ ነበር።

መቁረጫው በቁጥር ከታዘዘ ፓተርኑም ቁጥር መሆን ነበረበት። የወረቀቱ ፓተርን ጠርዝ በልዩ ሰሌዳ ላይ ነጥብ በነጥብ እየተነካ ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ አንዱ ቁጥር ከተመዘገበ በኋላ ሌሎቹ በተወሰነ የማሳደጊያ ደንብ ይሰላሉ። በ1973 በፈረንሳይ የተመሠረተው ሌክትራ በዚሁ መስክ ተሰማርቶ የገርበር ብርቱ ተፎካካሪ ሆነ፤ በ2021ም የገርበርን ኩባንያ ጠቀለለው። ክፍሎቹን የመደርደሩ ጥበብ ግን ቶሎ ለማሽን አልተላለፈም። የጨርቁን ክር አቅጣጫና የመስመሩን አገጣጠም ጠብቆ፣ በስክሪኑ ላይ ክፍሎቹን ሲያመቻች ለብዙ ጊዜ የኖረው የሰው ዐይን ነው።

የቈራጩ እጅ ግን ከቢላዋው ተለየ። ለአሜሪካ ቈራጮች መመናመን ማሽኑን ብቻ መክሰስ አይገባም፤ የልብስ ሥራው ራሱ የጉልበት ዋጋ ወደሚረክስባቸው አገሮች ተሰዷል። ይሁንና በብዙ ዓመት ልምድ ይገኝ የነበረው የእጅ ጥንቃቄ በፋይል ተቀምጦ፣ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ በየትኛውም አገር ሊደገም የሚችል ሆነ።

ገርበር በ1994 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ ተሸልሞ በ1996 ዐረፈ። በትልልቅ ፋብሪካዎች የጨርቅ ክምር ዛሬም በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ አየሩ ተመጦ ይቈረጣል፤ ፕላስቲኩም ከእያንዳንዱ ቁረጣ በኋላ ከትርፍራፊው ጋር ይጣላል።